አጥር ላይ ያልተሰቀለው ባለዶቃ

በቴፓሜ መንደር ሴት ካስወረዳት ጥፋተኛውን ለማወቅ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ባለዶቃው ነው። ባለዶቃው ክንድ የሚያህል እንሽላሊት ነው። ጅራቱ ወፍራም፣ ቆዳው ጥቁር ላይ ቢጫ ጣል ጣል ያለበት፣ ሲያዩት አንድ በአንድ በመርፌ የተሰፋ ዶቃ የሚመስል። የወፍ እንቁላልና ጫጩት ይበላል፣ የአይጥ ግልገል ካገኘም አይምርም። አብዛኛውን ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ሲጥል ብቅ ይላል። ከነከሰ መርዛም ነው፤ አንዴ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። እርጉዝ ሴት ላይ ዓይኑን ከጣለ ፅንሷ ይወርዳል የሚባለውን ግን ከኩካ በቀር እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም አርባ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም።

ኩካ የመንደሩ አዋላጅ ናት። የክርስትና ስሟ ሬፉሂዮ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነው፣ እሱም በዓመት ሁለቴ ከከተማ ሲመጣ። አጭርና ደረቅ ያለች ሴት ስትሆን እጆቿ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰቻቸው ይመስላሉ፣ ትልልቅ ናቸው። ከአርባ ዓመት በታች የሆነ የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ሰካራሙም ቀማኛውም ሳይቀር፣ እዚህ ዓለም ላይ መጀመሪያ የነካው እነዚያን እጆች ነው። ስለዚህ ማንም ኮርቶ አያናግራትም። ቀና ቀና የሚል ጎረምሳ ሲያጋጥማት "ቂጥህን በጥፊ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አስታውስሃለሁ፣ ያኔም አፍህ ሰፊ ነበር" ትለዋለች።

ይሄን ሥራ የያዘችው ደስ ብሏት አይደለም። ሲሪሎን ባገባች በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አስወረዳት። በመጀመሪያው አማቷ "የወፍጮ ድንጋይ አንስታ ነው" አለች። በሁለተኛው ወፍጮውን የሚነካው ሌላ ሰው ስለነበር ሰበብ ጠፋ፤ "ማህፀኗ ወንፊት ነው፤ ወንፊት ደግሞ ውሃ ሲይዝ ማን አይቷል?" ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዲት ጎረቤት፣ "እንጃ፣ አንዳንዷ እያወቀች ታደርገዋለች" ብላ ወሬውን ጀመረችው። ሲሪሎ ከእጇ መብላት አቆመ። ኩካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። መሞት ያማራት ያን ጊዜ ነው።

ያኔ አዋላጇ ሳቢና የምትባል ትንባሆ የምታኝክ አሮጊት ነበረች። ገባች፣ ልጅቷን አጠበቻት፣ ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ባለበት ጮክ ብላ ጠየቀቻት።

"ሰሞኑን የት ነበርሽ?"

"ወንዝ። ልብስ ሳጥብ።"

"ከድንጋዮቹ ሥር ምን አየሽ?"

"ምንም አላየሁም።"

"አንቺ አላየሽውም። እሱ ግን አይቶሻል።"

የቤቱ ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ሲሪሎ ገጀራውን ይዞ ወጣና ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አንድ ባለዶቃ በጅራቱ አንጠልጥሎ ተመለሰ፤ አጥሩ ላይም ሰቀለው። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሳይሞላ ጥፋተኛው አጥር ላይ ይሰቀላል፣ ከተሰቀለ በኋላ ሴትዮዋን አንድ ጥያቄ የሚጠይቃት የለም። አጥሩ ከተናገረ ሰው ዝም ይላል፣ ይባላል። አማቷ በዚያው ምሽት የዶሮ መረቅ ይዛ መጣች፤ "ጠጪ ልጄ፣ ምን ታደርጊ፣ እርኩስ አይቶሽ ነው" አለች። ወንፊት ያለውም አፍ ይኸው ነው።

በዓመቱ ኒካኖር ተወለደ፤ ከሱ በኋላ ሌላ አልመጣም። ኩካ ልጇን አዝላ ሳቢናን መከተል ጀመረች፣ ቅጠሉንም ሥሩንም ከሷ ተማረች። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሲለቅሙ የሆዷን ጠየቀቻት።

"እማማ ሳቢና፣ የምር አይቶኝ ነበር?"

"ማን?"

"ባለዶቃው።"

ሳቢና ትንባሆዋን ተፍታ ሳቀች። "እሱ እንቁላል እንጂ ሴት አያይም። እንቁላሉንም የሚያገኘው በማሽተት ነው። ግን አማት የለውም። ባል የለውም። ቢሰድቡት አይሰማ፣ ቢያሙት አያፍር። አንቺ ከምትሸከሚው እሱ ይሸከመው ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የሚወርደው?"

"እኔ እንጃ! እግዜርን ጠይቂው። እኔን የሚጠይቁኝ ባሎች ናቸው፤ ባል ደግሞ 'እንጃ' የሚባል መልስ አይገባውም። ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። ለቄሱም ቢሆን።"

ለቄሱም አልተናገረችም። የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መትታ መግደሏን ሳይቀር ተናዝዛለች፤ ይሄኛውን ግን በየዓመቱ ይዛው ትገባለች፣ ይዛው ትወጣለች።

ሳቢና ስትሞት ቃሉ ወደ ኩካ ዞረ። "አንቺ አላየሽውም፣ እሱ ግን አይቶሻል" እያለች ስንቷን ከግድግዳው አዞረች። ደህና ቃል ነው፣ ግን ክፉውንም ይሸፍናል። አንዱ ሚስቱን በእርግጫ መትቶ ካስወረዳት በኋላ ባለዶቃ ገድሎ ሰቀለ፤ ኩካም አጥሩ ሥር ቆማ አየችው። ያን ቀን ዝም በማለቷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ሌላው ሰው በመንደሩ መንገድ ሲያልፍ የደረቀ እንሽላሊት ያያል፣ ያልፋል። እሷ ግን ይሄ የብራውሊያ ነው፣ ያኛው የእህቷ፣ ያ ጅራቱ የተቆረጠው የመምህሩ ሚስት፣ እያለች ነው የምታልፈው። የወረዱትን ፅንሶች ሁሉ በጨርቅ ጠቅልላ የቀበረቻቸው እሷ ናት።

ለእንስሳው አዘነችለት ማለት ውሸት ይሆናል። ልብ ያለችው መዘግየቱን ነው። በሟቹ ባሏ በሲሪሎ ጊዜ ግማሽ ቀን የፈጀው ፍለጋ ሁለት ቀን ሆነ፣ አራት ሆነ፤ የመጨረሻው የተገኘው ከአምስት ዓመት በፊት ሲሆን የተሰቀለውም በስምንተኛው ቀን ነው። እሾሃማው ቁጥቋጦና አጫጭሩ ዛፍ ለከብት ሣር ሲባል ተቃጥሏል፤ ከእሳት የተረፈውን ባለዶቃ ደግሞ በአንድ ቃል ያስጨረሰችው እሷው ናት። "እያለቁ ነው" ብላ አሰበች፤ አሰበችና ተወችው። የጉድጓድ ውሃ እስኪጎድል ድረስ ማን ይለካዋል?

ኦፌሊያን ኒካኖር ያመጣት ከወንዙ ማዶ፣ ከሩቅ መንደር ነው። ስትስቅ ዶሮ የምታስደነግጥ፣ ያሰበችውን አፏ ላይ የማታሳድር ልጅ ናት። ኩካ ወደደቻት። አማት ምራቷን ስትወድ መንደር ደስ አይለውም፤ የሚያወራው ያጣል። ከኩካ ቤት ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ የሠሩት ጎጆ ክዳኑ ዘንባባ ነበረና ያፈሳል። አንድ ቀን ወንዝ ልብስ ሲያጥቡ ሴቶቹ "መቼ ነው የምትወልጂው?" ቢሏት፣ "ቆርቆሮ ሳይገባ? ልጁን ጃንጥላ አስይዤ ላስተኛው ነው?" አለችና ሁሉንም አሳቀቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ቃሉን በኋላ ሲያስታውሱት ያለ ሳቁ አስታወሱት።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሳምንቱ፣ ወራት ሙሉ እርቃኑን የከረመው ጫካ በአንዴ ቅጠል ሲያወጣ፣ ኦፌሊያን ሕመም ያዛት። አምስተኛ ወሯ ነበር። ኩካ ወደ ራሷ ቤት አምጥታ አስተኛቻት፤ ከጠዋት እስከ ቀትር የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች፣ የማታውቀውንም ሞከረች። አልሆነም። ወንድ ነበር። ብዙ ልጅ በእጇ ላይ አልፏል፣ ይሄ ግን የልጅ ልጇ ነው፤ መዳፏን አልሞላም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከቤቱ ጀርባ ከዛፉ ሥር ቀበረችውና እጇን ታጥባ ስትመለስ ኒካኖር በሩ ላይ ቆሟል።

"ምን ሆና ነው እማ?"

ኩካ ለማሰብ እንኳ አልቆመችም። አርባ ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ ስለሆነ ምላሷ ብቻውን ሄደበት።

"ባለዶቃ አይቷታል።"

ኒካኖር እናቱ ስትሳሳት አይቶ አያውቅም። ገጀራውንና ጫፉ የተቆለመመ ብረቱን አነሳ፣ ውሻውን አፏጭቶ ጠራና ሄደ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አራት ሆነው ፈለጉ። የወንዙን ዳርና ዳር ድንጋዩን ገለበጡት፤ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር ጭስ ሰደዱበት። አይጥ ወጣ፣ እባብ ወጣ፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነ ተራ እንሽላሊት ወጣ። ጓደኛው ኤራክሊዮ በሦስተኛው ቀን መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"በቃ እኔን አጥሩ ላይ ስቀለኝና እንገላገል። ሚስቴም ደስ ይላታል።"

ሌሎቹ ሳቁ። ኒካኖር አልሳቀም። በአራተኛው ቀን ሦስቱም ወደ በቆሏቸው ሄዱ፤ ዝናብ ከጣለ ዘር አይጠብቅማ። እሱ የራሱን ማሳ ትቶ ብቻውን ወደ ላይ ወደ ገደሉ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ቶማሳ በፎጣ የተጠቀለለ የበቆሎ ቂጣና አንድ ሳህን ባቄላ ይዛ መጣች። ኒካኖርን ክርስትና ያነሳችው እሷ ስትሆን ለኩካ አበልጇ ናት። ቶማሳ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ባዶ አፏንም።

"አበልጄ፣ አጥራችሁ ምነው ባዶ ሆነ?"

"ይገኛል። ገና ነው።"

"ይገኛል፣ ይገኛል። እኔ ምን ቸገረኝ። ሰው ግን ያወራል። ያቺ የቆርቆሮዋ ነገር…"

"ቀልድ ነው ቶማሳ። አንቺም ስቀሻል።"

"ስቄያለሁ፣ መች ካድኩ። ደጅሽ ያለውን ጤናዳም ስትቀነጥብ ሳያት ግን አልሳቅኩም። ባለፈው ማክሰኞ፣ በዓይኔ በብረቱ። ጤናዳም ለምን ለምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም።"

ጤናዳም ጥቂቱ ለቁርጠት ነው፣ ብዙው ግን እርጉዝ ሴት የማትጠጣው ነገር ነው፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ ያውቀዋል። ኩካ ፈጥና መለሰችላት።

"የኤራክሊዮን ሕፃን ጆሮውን አሞት እኔ ነኝ ቀንጥበሽ ውሰጂላቸው ያልኳት።"

"እንዲያ ከሆነማ ደግ። አጥሩ ይናገራላ" አለችና ቶማሳ ሳህኗን ትታ ወጣች።

በማግስቱ ኩካ ያፈረችበትን ነገር አደረገች። ከወንዙ በላይ ባለቤቶቹ ለቀውት ወደ ከተማ የሄዱት ቤት አለ፤ አጥሩ ላይ የሰቀሉትን ግን አልወሰዱትም። ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ደርቋል። አውርዳ ቅርጫቷ ውስጥ ከጎመን ሥር ደበቀችው፤ ቤቷ ገብታ ማጀቱን ዘግታ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ሲለሰልስ የአሳማ ስብ ቀባችው፣ ለትኩስነት። ጅራቱ እጇ ላይ ቀረ። በጥቁር ክር ልትሰፋው ሞከረች፤ በሰፋች ቁጥር ዶቃው እየረገፈ ሳፋው ውስጥ ይገባል፣ ሽታውም ሌላ ነው። እዚህ ላይ ሳቋ መጣ። ስድሳ ዓመት ኖሬ የሞተ እንሽላሊት ላስውብ? አለች ለራሷ። ስትስቅ ቆይታ ማልቀስ መጀመሯን ያወቀችው አገጯ ሲርስ ነው። ኒካኖር ከብት አርቢ ነው፤ የዛሬን ሬሳ ከከረመ ቆዳ ለመለየት አንዴ ማየት ይበቃዋል። ሁሉንም እሳቱ ውስጥ ጣለችው።

"እማማ፣ ምንድን ነው የሚቃጠለው?" አለች ኦፌሊያ ከአልጋዋ።

"ጫማ ነው ልጄ። አሮጌ ጫማ።"

ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ኒካኖር ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ፊቱ በእሾህ ተቧጭሯል፣ ውሻውም ያነክሳል። ቶማሳና ሌሎች ሁለት ሴቶች ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ለምን እንደመጡ የጠየቃቸው የለም። እነሱን ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደ።

"የት ጋ ነው ያየሽ?"

"ምኑ?"

"ባለዶቃው ነዋ! ቦታውን ንገሪኝ። ድንጋዩን ንገሪኝ።"

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ውሸት ትበቃ ነበር፤ ኦፌሊያ ግን አታውቅበትም።

"እኔ ምንም አላየሁም ኒካኖር። አይቶሻል ያሉኝ እማማ ናቸው።"

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ! ከዚህ እስከ ገደሉ ያልገለበጥኩት ድንጋይ የለም። የለም፣ አንድም የለም! የሌለ ነገር እንዴት አድርጎ ያይሻል?"

ደጅ ወዳሉት ሴቶች ዞር ብሎ አየና መንገድ ላይ የደረሰውን ወሬ አነሳ።

"ጤናዳሙንስ ምን አደረግሽው?"

"ለሕፃኑ ጆሮ…"

"ቆርቆሮ ሳይገባ አልወልድም ያልሽውስ?"

"ቀልዴን ነው! ቀልዴን እኮ ነው!"

ደጅ ያሉት ሴቶች እርስ በእርስ ተያዩ። ኒካኖር አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። "ልብስሽን ሰብስቢ" አለ። "ቅዳሜ በሚወጣው መኪና ወደ አባትሽ ትሄጃለሽ።"

ኦፌሊያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኩካ ያን መዞር ታውቀዋለች። እሷም ያኔ የዞረችው ወደዚሁ ግድግዳ ነበር።

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። "ማንም ማንንም አላየም፤ ለምን እንደሚወርድ አላውቅም፣ ሳቢናም አታውቅም ነበር" ልትል። ግን ይሄን ብትል በአርባ ዓመት የተሰቀለው ሁሉ ከአጥሩ ይወርዳል። ብራውሊያም፣ እህቷም፣ የመምህሩ ሚስትም፣ ዛሬ ማታ በየቤታቸው እንደ አዲስ ይጠየቃሉ። ለኦፌሊያም ቢሆን "እንጃ" መልስ አይሆናትም፤ ቅዳሜ መኪናው ላይ ናት።

"እኔ ነኝ" አለች ኩካ።

የሰማት ያለ አልመሰላትም፤ ደገመችው።

"እኔ ነኝ። ሆዴን ቆረጠኝ ስትለኝ ጤናዳም አፍልቼ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። መጠኑን አበዛሁት። አርጅቻለሁ፣ እጄም ዓይኔም ከድቶኛል። ባለዶቃ ያልኩት ጥፋቴን ልሸፍን ብዬ ነው። እሷ ምን እንደጠጣች እንኳ አታውቅም።"

ኦፌሊያ ከአልጋው ቀና አለች። "እማማ፣ ምን እያሉ…"

"ዝም በይ! አንቺ የምታውቂው ነገር የለም።"

ኒካኖር የእናቱን እጆች አየ። ሲያያቸው ቆየና፣ "በነዚህ?" አለ። ወጥቶ ደጅ ያለውን ጤናዳም በገጀራ ከሥሩ ቆርጦ መንገድ ላይ ጣለው። ተመልሶም ሚስቱን ከነብርድ ልብሷ ታቅፎ አነሳት፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ሳይል፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቤቴን እንዳይረግጡ" አለ። በዕድሜው ሙሉ እናቱን አንቺ እንጂ እርስዎ ብሏት አያውቅም።

ቶማሳ አማተበች። ስትሄድ ሳህኗን ፈልጋ ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ኩካን የጠራት የለም። ብራውሊያ መንገድ ላይ አግኝታት "የኔንስ? የኔንም አንቺ ነሽ?" አለቻት። ኩካ፣ "የአንቺን ባለዶቃው ነው" ብትላት ምራቋን እግሯ ሥር ተፋች። መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች በጭነት መኪና ወደ ከተማ ሐኪም ቤት መሄድ ጀመሩ። አንዷ መኪናው ላይ ወለደች፤ እትብቱን ሹፌሩ በሰንጢ ቆረጠው። ኩካ ይሄን ቧንቧው ጋ ስትሰማ፣ "ሰንጢውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮታል?" ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ኒካኖር በሁለቱ ቤቶች መካከል የእሾህ አጥር አጠረ። አንድ ቀን እሱ ከብቶቹ ጋ ሳለ ኦፌሊያ አጥሩ ድረስ መጣች።

"ምንም አላጠጡኝም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።"

"ንገሪው፤ ከዚያ ቅዳሜ ትሳፈሪያለሽ። እሱ ጥፋተኛ ፈልጎ ነበር ልጄ። ባለዶቃው ጠፋ፣ እኔ ተገኘሁ። በቃ።"

"ታዲያ ልጄ ለምን ሞተ?"

ኩካ ለማንም ሴት ተናግራው የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

"እንጃ።"

ኦፌሊያ አለቀሰች። ለቅሶዋም እንደ ሳቋ ነው፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

ዓመት ሞላ፣ ዝናቡ ተመለሰ። የኩካ ዶሮ ከእንጨት ክምሩ ሥር እንቁላል መጣል ጀመረች፣ እንቁላሉ ግን ሲያድር የለም። ኩካ ውሻ ነው ብላ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዱላ ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ከክምሩ ሥር መጀመሪያ ሹካ የመሰለ ምላስ ወጣ፤ ቀጥሎ ጥቁር ጭንቅላት፣ ከዚያ ያ ዶቃ። ትልቅ ነበር። እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ መጥቶ እግሯ አጠገብ መሬቱን በምላሱ ይዳስስ ጀመር።

ኩካ ከበርጩማዋ አልተነሳችም።

"የት ነበርክ?" አለችው። "ልጄ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲፈልግህ፣ የት ነበርክ?"

ከእሾሁ አጥር ማዶ መዶሻ ይሰማል። ኒካኖር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ እየመታ ነው። ድምጿን ትንሽ ከፍ ብታደርግ ይሰማታል። ይኸውልህ፣ ተገኘ፣ ብትለው ይወርዳል፤ አጥሩን ጥሶ ይገባል፤ ምናልባትም "እማ" ይላታል። ያቺ ቃል እንዴት እንደናፈቀቻት እግዜር ያውቃል። ግን ቀጥሎ ይጠይቃታል። ጤናዳሙስ ታዲያ ምን ነበር? ማንን ልትሸፍኚ ነው? ሁለት ጊዜ የተናዘዘ ሰው አንዱን ዋሽቷልና፣ ጥያቄው ተመልሶ ኦፌሊያ አልጋ ላይ ይወጣል።

ጠዋት ደግሞ ኦፌሊያ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ባሏ ስለነበረ አልተናገረችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ኩካን ብቻ አየቻት። አራት ወር ይሆናታል፤ ኩካ ዓይኗ ለዚህ አይስትም። ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ፈራች። እንደገና ቢወርድስ? ኩካ በባለዶቃው ፋንታ አንዴ ተሰቅላለች፤ ደጃቸውን የማትረግጥ አሮጊት ጤናዳም አጠጣች ብሎ ደግሞ የሚያምን የለም። ያኔ ኒካኖር ገጀራውን ይዞ ይወጣል፣ ዘጠኝ ቀንም ይቆጠራል።

ኩካ ከሽርጧ ኪስ የጠዋቱን እንቁላል አወጣችና መሬት ላይ አንከባለለችለት። ባለዶቃው አሸተተው፣ ቅርፊቱን ነክሶ ሰበረው፣ አንገቱን ቀና እያደረገ ዋጠው።

"ብላ" አለችው፣ ጣሪያው ላይ ያለው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ብላና እዚሁ ተቀመጥ። የትም እንዳትሄድብኝ። ምናልባት እንፈልግሃለን።"

በልቶ ሲጨርስ ወደ ክምሩ ሥር ተመለሰ። ኩካ ከበርጩማዋ ተነሳችና ማንም እንዳያየው እንጨቱን ደረደረችበት።